ጓሳ የዋልንበት ቀን

በመጋቢት 2011 ዓ.ም. ወደ መንዝ የወጣነው ቀይ ቀበሮ ለማየት ነበር። «እኛ» ማለታችን የጽሑፍ ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ የሄድነውስ ብቻችንን ነው። አብረን እንሄዳለን ብለው የማሉ ሁለት ባልንጀሮች ነበሩን፤ አንደኛው ያልጨረስኩት የቤት ሥራ አለብኝ አለ፣ ሁለተኛው የመንዝን ብርድ በወሬ ሰምቶ ገና ዶርሙ ውስጥ እያለ ብርድ ልብሱን ተከናነበ። ምን ቸገረን፣ ብቻውን የሚሄድ ሰው ተከራካሪ የለበትም አልንና ተነሣን። ያኔ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነበርን። አሁን ለሁለተኛ ዲግሪ ተመልሰን እዚያው ግቢ ስንገባ፣ ያን ቀን ለዚህ መጽሔት አንባቢዎች ሳንጽፈው መቅረታችን ቆጨን።

ዝግጅታችን ሁሉ የቤተ መጻሕፍት ዝግጅት ነበር። አሜሪካዊው ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» በተሰኘው መጽሐፉ ስለ መንዝ ገበሬ የጻፈውን አነበብን። ስለ ቀበሮውም አነበብን፤ ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፣ ለአካለ መጠን የደረሱት ቁጥራቸው ከ500 በታች ነው ይላሉ። ከሁሉ ይልቅ ልባችንን የሰረቀው ግን ጓሳ ላይ ምርምር ያደረጉ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ጽሑፍ ነው። ቀበሮው በጭላዳ መንጋ መካከል እየተዘዋወረ አይጥ ሲያድን ከሦስት ሙከራ ሁለቱ ይሰምርለታል፤ ለብቻው ሲያድን ግን ከአራት አንዱ። ጭላዶቹ አይሸሹትም፣ እሱም ግልገሎቻቸውን አይነካም ማለት ይቻላል። ይህን አንብቦ አርፎ የሚቀመጥ ማን ነው? እኛማ የቀበሮውን ፎቶግራፍ የት እንደምንሰቅለው ሳይቀር አስበን ጨርሰን ነበር።

ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ነው። ከዚያ ወደ ጣርማ በር ይወጣል፤ የደሴው መንገድ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሠሩት ዋሻ አልፎ ቁልቁል ሲወርድ የመንዙ ወደ ግራ ይታጠፍና ተራራውን ይዞ ይቀጥላል። አውቶቡሱ ውስጥ ሆነን ጓሳን በዓይናችን ለመያዝ መስኮቱን በእጃችን ስንጠርግ ብንቆይም ውጭው ጉም ብቻ ነበር። አጠገባችን የተቀመጡ አንድ አዛውንት «ምን ትፈልጋለህ?» ቢሉን «ጓሳን» አልን። «አለፍነው እኮ!» አሉ እየሳቁ። እንግዲህ ጉዞአችን የተጀመረው ያየነውን ሳናይ በማለፍ ነው ማለት ነው።

መሐል ሜዳ የደረስነው ሲመሽ ነው። ስላደርንበት ሆቴል ብዙ አንልም፤ የአንዱ መስኮት መስተዋት በካርቶን የተተካ ነበር፣ ካርቶኑም ሌሊቱን ሙሉ ከነፋሱ ጋር ሲጨቃጨቅ አደረ። ጫማችንን ሳናወልቅ ተኛን ብንል አንባቢ አይፍረድብን።

ጠዋት በ12 ሰዓት ተነሥተን መናኸሪያው ስንሄድ ወደ ጓሳ የሚመለስ መኪና የለም። አይሱዙ አለ ተባለ፤ አይሱዙው ግን በግ እየጫነ ነው። ሁለት ሰዓት ከሩብ እስኪሆን ቆመን የበጉን አጫጫን ተመለከትን። ይህም ቢሆን ከንቱ አልነበረም። ሴቶቹ ወደ ገበያ ሲሄዱ በመንገድ ላይ ሆነው የበግ ጠጉር ይፈትላሉ፤ እጃቸው ይፈትላል፣ አፋቸው ያወራል፣ እግራቸው ይሄዳል። አንድ ባና ሻጭ ትከሻችን ላይ ጣል አደረገብንና «ይሄን ካልገዛህ ጓሳ ላይ ትቀራለህ» አለን። ከበደን፤ ዋጋው ደግሞ ይብስ ከበደን። ሳንገዛ ቀረን። ጥፋታችንን ያወቅነው ከቀትር በኋላ ነው።

ጓሳ ላይ ስንወርድ ጉሙ ተገፎ ነበር። መቼም ሣር አይተን የማናውቅ ሰዎች አይደለንም፤ ይህ ግን ሌላ ነው። ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳና ጉብታ ላይ፣ መቶ ካሬ ኪሎ ሜትር በሚያህል ቦታ፣ ጓሳ የሚባለው ሣር ጎፈሬ ጎፈሬ እየሆነ በቅሏል። ነፋሱ ሲነካው ሜዳው ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በመካከሉ ጅብራው ብቻውን ይቆማል፣ ከሩቅ ሲያዩት ነጠላ የለበሰ ሰው ይመስላል፤ ሁለቴ ሰላምታ ልንሰጠው ምንም አልቀረን። በስተምሥራቅ መሬቱ ድንገት ያልቅና ገደል ይሆናል፤ በዚያ የሚወርደው ውሃ ወደ አዋሽ፣ በዚህ በኩል የሚወርደው ወደ ዓባይ ነው።

የመግቢያውን ከፈልንና አንድ ስካውት ተሰጠን። ዕድሜው ከኛ ብዙም የማይበልጥ፣ አሮጌ ካፖርት የለበሰ፣ ዱላውን በትከሻው አግድም ያደረገ ልጅ ነው። «ብቻህን ነህ?» አለን። ነን አልነው። «ሰው ብቻውን ለአውሬ ይመጣል እንዴ?» ብሎ ፊት ፊታችን ሄደ። ሲሄድ እንደ ሜዳ ነው፤ እኛ ግን በሃያ እርምጃ አንዴ ስናለከልክ ጅብራ እንደምናደንቅ እያስመሰልን እንቆም ነበር።

ጭላዶቹን አገኘናቸው። ይህን ሳንሳሳ እንናገራለን፤ የቀኑ ትርፍ ነው። ከሁለት መቶ አያንሱም። ቁጭ ብለው በሁለት እጃቸው ሣር ይነጫሉ፣ ሲነጩ ድምፁ ይሰማል፤ ጸጥ ባለ ቦታ ብዙ ሰው ወረቀት የሚቀድ ይመስላል። ወንዱ ጎፈር አለው፣ ደረቱ ላይ ቀይ ቆዳው እንደ ሜዳሊያ ይታያል። አሥር እርምጃ ያህል ስንቀርባቸው አንዷ እናት ቀና ብላ አየችን፣ ልጇን ወደ ሆዷ አስጠጋችና ተመልሳ ወደ ሣሯ። ከዚያ በላይ ዋጋ አልሰጠችንም። ስልካችንን አውጥተን ሦስት ፎቶግራፍ እንዳነሣን ባትሪው ጠፋ፤ ሌሊት ሲቀዘቅዝ አድሮ ኖሮ ጉልበት አልነበረውም። ከሦስቱ አንዱ የራሳችን አውራ ጣት ነው።

ቀበሮውን ግን አላየነውም። ስካውቱ ትናንት የታየበትን ቦታ፣ ባለፈው ሳምንት የታየበትን ቦታ፣ ጉድጓዱን፣ ኩሱን ሳይቀር አሳየን። በሆዳችን ተኝተን ከሁለት ሰዓት በላይ አንድ ሸለቆ ጠበቅን። አይጦቹ ወጡ፣ ገቡ። ጭላዶቹ ዞር ዞር አሉ። አንድ ጊዜ ቀይ ነገር ሲንቀሳቀስ አይተን ልባችን ዘለለ፤ የእረኛ ጥጃ ነበር። ስካውቱ ጥጃውን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ፣ ተነሥቶ ሮጠ፣ ከእረኛው ልጅ ጋር ሲጨቃጨቅ ከሩቅ ተሰማን። ተመልሶ ሲመጣ «ይሄ ወገን ለሦስት ዓመት ዝግ ነው» አለ። ከብት ገብቶ ከተያዘ ይቀጣል። «ባለፈው ዓመት ያጎቴን በሬ ያስያዝኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬ አያናግረኝም።» ይህን ሲናገር ለማስደነቅ ብሎ አይደለም፤ የጥርስ ሕመም እንዳለበት ሰው ነበር የሚያወራው።

ስምንት ሰዓት ግድም ሰማዩ ከምሥራቅ ጠቆረ። የበልግ ደመና ነው። ስካውቱ ሰማዩን አየና «እማዬን ዛሬም ሊያፈስባት ነው» አለ። ቤቷ የሣር ክዳን ነው፣ አርጅቷል። እኛም እስከ ጉልበታችን በሚደርሰው ጓሳ መካከል ቆመን፣ ግራና ቀኙን አይተን፣ ብልጥ የሆንን መስሎን «ታዲያ ለእናትህ አንድ ሁለት ሸክም ብታጭድላት ማን ያይሃል?» አልነው።

«እኔ ነኛ» አለ።

ሌላ ነገር አልጨመረም። እኛም አልጨመርንም። ከዚያ በኋላ ያለውን መንገድ ጫማችንን እያየን ሄድን።

በረዶው የያዘን መንገዱ ላይ ሳንደርስ ነው። እንደ ሽንብራ ጀምሮ እንደ ባቄላ ሆነ። ባናውን አለመግዛታችን ያኔ ታወሰን። ስካውቱ ካፖርቱን ግማሹን በላያችን አድርጎ እየጎተተ አንዲት የድንጋይ ቤት አስገባን፤ የእናቱ ቤት ነበረች። እናቱ ገና አምሳ አምስት ቢሆናቸው ነው፤ ብርዱና ጭሱ ግን ፊታቸውን ከዚያ በላይ አድርጎታል። ማን ነህ ሳይሉን ኩበቱን ቆሰቆሱልን፣ መደቡ ላይ ባና አነጠፉልን። አንዱን ባና ጠዋት ሳንገዛው፣ ከሰዓት በኋላ በነጻ ተሸፈንበት። የገብስ ቆሎ ቀረበ፣ ጠላ ቀረበ። ክዳኑ በሦስት ቦታ ያንጠባጥባል፤ ከአንዱ ሥር ሳፋ፣ ከአንዱ ሥር ድስት ተደቅኗል፣ ሦስተኛው ግን በቀጥታ እኛ ጉልበት ላይ ነበር። እንግዳ ነንና ዝም አልን።

«ተማሪ ነህ?»

«አዎን እማማ።»

«የትኛው?»

«ስድስት ኪሎ፣ ዩኒቨርሲቲ።»

ጥቂት ዝም አሉና «እዚህ መደብ ላይ ተማሪ ሲያድር ሁለተኛው ነህ» አሉን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. የዕድገት በኅብረት ዘመቻ ሲታወጅ ተማሪው ወደ ገጠር ተበተነ፤ እኛ ይህንን ከታሪክ መጽሐፍ እናውቀዋለን። እሳቸው ደግሞ የሚያውቁት የአሥር ዓመት ልጅ ሆነው ነው፤ መነጽር ያደረገ ቀጭን ዘማች መጥቶ አባታቸው ቤት አደረ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጁ ወጣ። ዘማቹ ቤተ ክርስቲያኑ ዛፍ ሥር ቆሞ ለሕዝቡ አነበበ፣ ሲያነብም ያለቅስ ነበር አሉ። ከዚያ አሥር ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ የኛው ግቢ ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» እያሉ ወደ ፓርላማ መውጣታቸውን እሳቸው አያውቁም። እኛ እናውቃለን፤ በየዓመቱ እናወሳዋለን፣ ግጥም እንጽፍበታለን። መንዝ ውስጥ ምን እንዳደረገ ግን ጠይቀን አናውቅም።

ከዚያ በፊት ጓሳ የሚጠበቀው በቀሮ ነበር። ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በፊት አስቦና ጌራ የተባሉ ሁለት አባቶች በፈረስ ግልቢያ ተሽቀዳድመው አገሩን ተካፈሉ ይባላል፤ ጓሳውንም ለሣርና ለግጦሽ ለይተው ትተዉታል። ሽማግሌዎቹ ሲዘጉት ሦስት ዓመትም አራት ዓመትም ይዘጋል። ሲከፈት መጀመሪያ ሰው ያጭዳል፣ ከብት የሚገባው ከዚያ በኋላ ነው። ከሣሩ ቤት ይከደናል፣ ገመድ ይገመዳል፣ ለዝናብ የሚደረበው ገሳ ይሠራል። ሳይከፈት የገባ ይገዘታል፣ ይቀጣል፣ የከፋበትም ቤቱ ይቃጠል ነበር ይላሉ። ይህን ያህሉን እኛም አንብበናል፤ ጥሩ ጥበብ ነው ብለን አድንቀንም ነበር። ያላነበብነውን የነገሩን እማማ ናቸው።

«አባቴ የጌራም ዘር አይደል፣ ያስቦም ዘር አይደል። አያቱ ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። ቀሮ ሲከፈት ሰው ሁሉ ማጭዱን ይዞ ሲወጣ እኛ ደጃፍ ላይ ቆመን እናያለን። ሣር የምናገኘው ለባለ ድርሻው ሠርተን ነው። ሦስት ቀን አጭደህ የአንድ ቀኑን ትወስዳለህ።»

ዘማቹ አዋጁን ባነበበ ዓመት አባታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው ማጭድ በራሳቸው ስም ጓሳ ገቡ። ቤቱ አዲስ ክዳን ለበሰ። ዘማቹም ሊያግዝ ወጣ፤ ማጭድ አያያዝ አያውቅምና ጣቱን ቆረጠ፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እሱም ሳቀ። «ያን ዓመት አባቴን ያየህ እንደሆነ፣ ዓይኑ ሁሉ ጣራው ላይ ነው። ሌሊት ተነሥቶ ያየዋል።»

«ከዚያስ?» አልን።

«ከዚያማ ሁሉም ገባ። የሁሉም ነው ተብሎ የለ? አራሹም ገባ፣ ከሩቅ ያለውም ገባ፣ ከብቱም በሬውም ገባ። ከልካይ የለ። በሦስተኛው ዓመት ራሱን የተላጨ ሆነ። ቤታችን ሲያረጅ የሚከደን ጠፋ። አባቴ ጣራው ሲያፈስበት ‹ቀሮው በነበረልኝ› አለ። እስቲ አስበው፤ ቀሮ ያልነበረው ሰው!»

ይህንን ሲሉ ራሳቸውም ሳቁ። እኛ ሳቅ አልመጣልንም። ግቢያችን ውስጥ ስንከራከር ነገሩ ቀላል ነበር፤ የቀድሞው ሥርዓት ክፉ ነው የሚል አለ፣ አይ የአባቶች ጥበብ ነው የሚል አለ፣ ማታ ካፌ ውስጥ ድምፅ ከፍ ይላል፣ ከዚያ እራት ይበላል። እዚህ ግን አዋጁ ባንዲት ቤት ጣራ ላይ አንዴ አዲስ ሣር አልብሶ፣ መልሶ ገፎታል። የትኛውን እንከራከር? ሁለቱም እውነት ነው፤ ሁለቱም የተፈጸመው እኛ ባደርንበት መደብ ላይ ነው። በኋላ ላይ የመንዝ ሰው ራሱ ተሰብስቦ፣ ደንብ አውጥቶ፣ ኮሚቴ መርጦ ጥበቃውን መልሶ አቆመው። በአዲሱ ደንብ የማን ዘር ነህ የሚባል ነገር እንደሌለ እማማ ነገሩን። ልጃቸው ስካውት ሆኖ የተቀጠረውም በዚሁ ነው። የአያቱ አባት የማይገባበትን ሣር የልጅ ልጁ ልጅ ይጠብቀዋል፣ እናቱም ሳፋ ደቅና ታድራለች።

«ቆርቆሮ እንግዛ ይላል ይሄ» አሉ ወደ ልጃቸው እያዩ። «ቆርቆሮ ብርድ ነው። ሲከፈት በወጉ አጭዶ ይከድንልኛል። ዓመቱን እቆጥር የለ።»

ማታ፣ እሳቱ ሊጠፋ ሲል፣ ልጁም ሲያንኮራፋ፣ እማማ ከማዶ ሆነው ጠሩን። እንቅልፍ ወሰደን ብለን ዝም ልንል ነበር፤ ግን መለስን።

«ያ ዘማች ልጅ ደኅና ይሆን? አንድ ግቢ አይደላችሁ፣ አታውቀውም?»

ስሙን ጠየቅናቸው። ረስተውታል፤ መነጽሩንና የተቆረጠ ጣቱን ብቻ ነው የሚያስታውሱት። እኛም በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. በዚያ ዕድሜ የነበረው ተማሪ በከተማው ምን እንደደረሰበት እያወቅን፣ ስንቱ መንገድ ላይ እንደተጣለ እያወቅን፣ በጨለማው ውስጥ መደቡ ላይ ተጋድመን «ደኅና ይሆናል፣ እማማ» አልናቸው። «እንግዲያስ አርጅቷል» አሉና ወደ ግድግዳው ዞረው ተኙ። እኛ ግን ብዙ ሰዓት አልተኛንም። ሦስተኛው ጠብታ እየቆየ፣ አንዳንዴ ባናው ላይ፣ አንዳንዴ ግንባራችን ላይ ያርፍ ነበር።

ጠዋት መቶ ብር ብናወጣ ተቆጡን፤ ቤቴ ሆቴል ነው ወይ አሉ። ቆሎ በኪሳችን ሞሉልን። ስካውቱ እስከ መንገዱ ሸኝቶን ወደ ሥራው ዞረ፤ ቀበሮ ስላላሳየን ይቅርታ ሲጠይቀን እኛ ትናንት ስላልነው ነገር ይቅርታ ልንጠይቅ ፈልገን አፋችን ሳይታዘዝ ቀረ። ከዚያ ወዲህ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እስከ ሰሜን ሸዋ ዘለቀ፣ ቀጥሎም መንገዱ ሰላም አላገኘም፤ ተመልሰን አልሄድንም። ያ የተዘጋው ወገን ሦስት ዓመቱ ሞልቶ ሲከፈት ያ ጣራ ይከደን አይከደን አላየንም።

ያን ዕለት ያገኘነው አይሱዙ በግ ሳይሆን ገብስ የጫነ ነበር። ጆንያው ላይ ወጥተን ተቀመጥን። ጉሙ ተመልሶ ጓሳን ሸፍኖታል፤ ከጅብራው በቀር የሚታይ የለም። አጠገባችን የተቀመጠ አንድ ገበሬ ከላይ እስከ ታች አየንና «ለምን መጥተህ ነው?» አለን።

«ቀበሮ ላይ» አልነው።

«አየህ?»

«አላየሁም።»

«ታዲያ ሁለት ቀን ምን ስታይ ከረምክ?» አለ። ቆሎውን አካፈልነው።